የምስጢር ዕድሜ፦ ስውር ግዳጃቸውን በመጽሐፍ የሚያወጡ የቀድሞ ወታደሮች የሕግ ተጠያቂነት፣ ከጎጃሙ ሚሽን 101 አንጻር

በነሐሴ ወር 1932 ዓ.ም.፣ ክረምቱ ገና ሳይወጣ፣ በኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የሚመራ አነስተኛ ቡድን ከሱዳን ተነሥቶ ድንበሩን በስውር ተሻገረና ወደ ጎጃም ደጋ ዘለቀ። በእንግሊዝ ጦር መዝገብ የቡድኑ ስም «ሚሽን 101» ነበር። ንጉሠ ነገሥቱን ወክለው አብረው የተጓዙት አዛዥ ከበደ ተሰማ ናቸው። ግዳጁ በየፊናቸው ጣሊያንን ይዋጉ የነበሩትን የጎጃም አርበኞች መሪዎች ማግኘት፣ በመካከላቸው የነበረውን ቅራኔ ማርገብ፣ የጦር መሣሪያና የስንቅ መንገድ ማመቻቸት፣ ለንጉሠ ነገሥቱ መመለስም ሁኔታውን ማደላደል ነበር። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ እንዲስማሙ ጥረት የተደረገው በዚህ ግዳጅ ውስጥ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ገቡ፤ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ደረሱ።

ዛሬ ይህ ሁሉ የታሪክ ትምህርት ነው። በጊዜው ግን ማን ከማን ጋር እንደ ተላላከ፣ ጥይቱ በየትኛው በር እንደ ገባ መናገር ሰው የሚያስገድል ምስጢር ነበር። ምስጢሩ ወደ አደባባይ የወጣበት ፍጥነት ደግሞ እንደ ጸሐፊው ይለያያል። የዘመቻው ተካፋይ የነበረው ደብልዩ. ኢ. ዲ. አለን በኢትዮጵያ ስለ ተደረገው የሽምቅ ውጊያ የጻፈውን መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1943፣ የዓለም ጦርነት ገና ሳያበቃ ነው። ከበደ ተሰማ (በኋላ ደጃዝማች) «የታሪክ ማስታወሻ»ን ያወጡት በ1962 ዓ.ም.፣ ድንበሩን ከተሻገሩ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። የሱዳኑን የድንበር ባታሊዮን የመራው ሂዩ ቡስቴድ እ.ኤ.አ. በ1971፣ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 ትዝታቸውን አሳተሙ። ዘመቻው አንድ ነው፤ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መጽሐፍ መካከል ግን የአንድ ጎልማሳ ዕድሜ አለ።

አንድ ምስጢር መቼ ምስጢርነቱ ያበቃል? ይህንን የሚወስነውስ ማን ነው? ጥያቄው የታሪክ ጸሐፊን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ከሠራዊቱ በክብር ተሰናብቶ በጡረታ የሚኖር፣ በአንድ ወቅት የተሳተፈበትን ስውር ግዳጅ ጽፎ ለልጆቹና ለአገሩ ለመተው የሚያስብ ሰው፣ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት መልሱን ማወቅ አለበት። ከዚህ በታች እንደሚታየው፣ የኢትዮጵያ ሕግ ወታደራዊ ምስጢርን ማውጣት ወንጀል መሆኑን በግልጽ ይናገራል፤ ምስጢሩ የሚያበቃበትን ጊዜና ጸሐፊው የሚጠይቀውን አካል በተመለከተ ግን ለጸሐፊው የሚሰጠው ምሪት እጅግ ጥቂት ነው።

የወንጀል ሕጉ የሚለውና የማይለው

መነሻው ሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው መረጃ የመፈለግ፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነጻነት እንዳለው ይደነግጋል። በንዑስ አንቀጽ 6 የተፈቀዱት ገደቦች ደግሞ ሲዘረዘሩ የወጣቶች ደኅንነት፣ የሰው ክብርና መልካም ስም፣ የጦርነት ቅስቀሳና ሰብአዊ ክብርን የሚነካ አደባባያዊ መግለጫ ናቸው። የአገር ደኅንነት ወይም ወታደራዊ ምስጢር በዚህ ዝርዝር ውስጥ በስም አልተጠቀሰም። ይህ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚታለፍ ነጥብ ነው።

ክፍተቱን ለመሙላት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በአንቀጽ 13(2) በኩል ወደ ዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን መሄድ ነው። የቃል ኪዳኑ አንቀጽ 19(3) ብሔራዊ ደኅንነትን እንደ ገደብ ምክንያት ይቀበላል፤ ሆኖም ገደቡ በሕግ የተደነገገና አስፈላጊ መሆን አለበት ይላል። ሁለተኛው መንገድ ከራሱ ከአንቀጽ 29(6) አነጋገር ይነሣል፤ አንቀጹ የሚከለክለው በሐሳቡ ይዘትና በሚያስከትለው ውጤት ምክንያት ሐሳብን መገደብን ነው፤ የአንድ ግዳጅ ቀን፣ ቦታና ስም ግን ሐሳብ ሳይሆን ፍሬ ነገር ነው። የቀድሞ ወታደር ስለ ጦርነቱ ፍትሐዊነት፣ ስለ አዛዦቹ ብቃት፣ ስለ ደረሰው በደል የሚሰጠው አስተያየት በዚህ አተረጓጎም ፍጹም ነጻ ነው፤ ጥያቄ የሚነሣው በፍሬ ነገሩ ላይ ብቻ ነው። ሁለተኛው አተረጓጎም ከአንቀጹ ቃል ጋር ይበልጥ ይስማማል፤ ለጸሐፊዎችም የተሻለ ጥበቃ ይሰጣል።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ጉዳዩን በተለያየ ደረጃ ይዞታል። ከሁሉ የሚከብዱት የአገር ክህደትና ስለላ (አንቀጽ 248፣ 249 እና 252) ናቸው። እነዚህ የውጭ ኃይልን ወይም ጠላትን መጥቀም የሚባል ነገርን ስለሚጨምሩ፣ በአደባባይ መጽሐፍ ለሚያሳትም ሰው በተለመደው ሁኔታ አይመጥኑም። ሰላይ አንባቢ አይፈልግም፤ ደራሲ ግን የሚጽፈው ለአንባቢ ነው። ቀጥሎ የሚገኘው ወታደራዊ ምስጢርን የመጣስ ወንጀል ነው፤ መንግሥት ወይም ሥልጣን ያለው የጦር ባለሥልጣን ምስጢር ሆኖ እንዲቆይ የወሰነውን ሰነድ ወይም ፍሬ ነገር መግለጥን፣ ማስተላለፍንና ማሳተምን ይመለከታል። በጎኑም የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ምክንያት ያወቀውን ምስጢር እንዳያወጣ የሚከለክለው ድንጋጌ አለ። ከአንቀጽ 284 ጀምሮ ያሉት የወታደር ወንጀሎች በመርህ በአገልግሎት ላይ ላሉ የሠራዊቱ አባላት የተጻፉ በመሆናቸው፣ የተሰናበተው ሰው የሚቀርበው በወታደራዊ ፍርድ ቤት ሳይሆን እንደ ማንኛውም ዜጋ በመደበኛው ፍርድ ቤት ይሆናል ማለት ነው። ይህ ለተከሳሹ ትንሽ ነገር አይደለም።

መሰናበት ግን ግዴታውን አይቀርፍም። ምስጢሩ የመንግሥት እንጂ የወታደሩ ንብረት ባለመሆኑ ማዕረጉን መልሶ የሄደ ሰው ምስጢሩን ነጻ አላወጣም። የይርጋ አቆጣጠርም አይጠቅመውም። የክስ ይርጋ የሚቆጠረው ግዳጁ ከተፈጸመበት ቀን ሳይሆን ወንጀሉ ከተፈጸመበት፣ ማለትም መጽሐፉ ከታተመበት ቀን ነው። የአርባ ዓመት ግዳጅን ትናንት ያሳተመ ሰው በይርጋ ዓይን የትናንት ሰው ነው። ተጠያቂነቱም በእርሱ ላይ ብቻ ላይቆም ይችላል፤ የወንጀል ሕጉ ከአንቀጽ 42 ጀምሮ በኅትመት አማካይነት ለሚፈጸሙ ወንጀሎች ስለ ደራሲውና ስለ አሳታሚው ኃላፊነት የተለየ ሥርዓት አበጅቷል።

አንድ ነገር ግን ለተከላካይ ወገን ክፍት ነው። የወንጀሉ ፍሬ ነገር «ምስጢር ሆኖ እንዲቆይ የተወሰነ» የሚለው ነው። ውሳኔ ካለ ዐቃቤ ሕግ ሊያሳየው ይገባል፤ ማን ወሰነ፣ መቼ ወሰነ፣ ውሳኔው ዛሬም ጸንቷል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ይከተላሉ። ስውር ግዳጅ በባሕርይው ጥቂት ወረቀት ይተዋል፤ ትእዛዙ በቃል፣ ሪፖርቱም በቃል ሊሆን ይችላል። ከአሥርተ ዓመታት በኋላ የምስጢርነት ውሳኔውን በማስረጃ ማረጋገጥ እንደሚታሰበው ቀላል አይሆንም። ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ልዩነትም አለ፦ ከትዝታ የጻፈ ሰውና ፋይል ይዞ የወጣ ሰው እኩል አይታዩም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ከአንቀጽ 3 እስከ 6 ያሉት ድርጊቶች፣ ለምሳሌ ሕገ ወጥ ደራሽነት፣ ለወታደራዊ ጥቅም እጅግ ምስጢራዊ ተብሎ በተለየ ዳታ ላይ፣ አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ ወይም በአደጋ ላይ ባለችበት ወቅት ሲፈጸሙ ከ15 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። አዋጁ ሰው በአእምሮው የያዘውን አይነካም፤ በፍላሽ ዲስክ የተወሰደውን ግን ሊነካ ይችላል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ መታወጁ ሲታሰብ፣ «አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ ላይ ባለችበት ወቅት» የሚለው ሐረግ ለጎጃም ነዋሪ የመጽሐፍ ነገር ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ሥርዓት ሲለወጥ ምስጢሩ የማን ይሆናል?

ከበደ ተሰማ መጽሐፋቸውን ባሳተሙበት ዘመን የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በሥራ ላይ ነበር፤ ኅትመት ሁሉ የሚወጣውም በቅድሚያ ምርመራ አልፎ ነው። የሳንሱር ክፉ ገጽታ የታወቀ ነው። ብዙ የማይነገርለት ሌላ ገጽታም ነበረው፦ መርማሪው ያሳለፈውን መጽሐፍ መንግሥት ራሱ እንዳየው ስለሚቆጠር ደራሲው ከኅትመት በኋላ በምስጢር ማውጣት ይከሰሳል ተብሎ አይታሰብም። ፈቃዱ መጋረጃም ጋሻም ነበር። ደራሲው ደግሞ ከዘውዱ ሰዎች አንዱ ነበሩ፤ የጻፉት ግዳጅም የንጉሠ ነገሥቱን መመለስ የሚያከብር ነበር።

ጋሻው ምን ያህል ስስ እንደ ነበር የታየው በደርግ ዘመን ነው። በዓሉ ግርማ ወታደር አልነበረም፤ ነገር ግን በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊነት ላይ ሆኖ በኤርትራ በተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከውስጥ ተሳትፏል። በ1975 ዓ.ም. የወጣው «ኦሮማይ» ልብ ወለድ ቢባልም የዘመቻውን ውስጣዊ ሕይወት፣ የስለላ ሥራውንና የናቅፋን ሽንፈት የሚያሳይ ነበር። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። በዚያ ወቅት መንግሥት የ1949ኙ ሕግም ሆነ የራሱ ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በእጁ ነበር። ክስ ለመመሥረት የሚጎድለው አንቀጽ አልነበረም። ክስ ግን አልተመሠረተም። ክስ ቢቀርብ ኖሮ ምስጢሩ የትኛው እንደ ሆነ፣ ማን ምስጢር እንዳደረገው፣ መገለጡ ምን እንደ ጎዳ በችሎት መነገር ነበረበት። በዚህ ምክንያት የበዓሉ ጉዳይ በምስጢር ሕግ ታሪክ ውስጥ የሚገባው እንደ ሕግ ውጤት ሳይሆን ሕጉ ሆን ተብሎ እንደ ተዘለለበት ጉዳይ ነው።

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ቅድመ ምርመራን አስቀረ። ከዚያ በኋላ የቀድሞው ሠራዊት መኮንኖች ማስታወሻ አንድ ራሱን የቻለ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ሆነ፤ የብርጋዲየር ጄኔራል ካሳዬ ጨመዳ «የጦር ሜዳ ውሎዎች ከምሥራቅ እስከ ሰሜን» እና የሻምበል ማሞ ለማ «የወገን ጦር ትዝታዬ» የሚጠቀሱ ናቸው። በሕግ ዓይን መንግሥት ቀጣይ ነው፤ የወደቀ ሥርዓት ምስጢር ለተተኪው ይተላለፋል። በተግባር ግን አዲስ መንግሥት የጣለውን ሥርዓት ምስጢር የሚጠብቅበት ብዙ ምክንያት የለውም።

እዚህ ላይ የአንድ ሌላ መጽሐፍ ጉዳይ ይነሣል። የሕወሓት ነባር ታጋይ የነበሩት አስገደ ገብረሥላሴ በትግርኛ በተከታታይ ቅጾች ያወጡት «ጋሕዲ» የትጥቅ ትግሉን ዘመን ውስጣዊ ታሪክ የሚናገር ነው፤ የወጣውም የትግል ጓዶቻቸው ገና በሥልጣን ላይ እያሉ ነው። የሕግ ጥያቄው ይህ ነው፦ አንድ የታጠቀ ግንባር መንግሥት ከመሆኑ በፊት የያዘው ምስጢር የመንግሥት ምስጢር ነው ወይ? በወንጀል ሕጉ አነጋገር መሠረት አይደለም። ምስጢርነቱን የወሰነው አካል በወቅቱ መንግሥት አልነበረም፤ የጦር ባለሥልጣኑም በሕግ ሥልጣን የተሰጠው አልነበረም። ድርጅቱ በኋላ ሥልጣን መያዙ የቀድሞ ምስጢሩን ወደ ኋላ ተመልሶ የመንግሥት አያደርገውም፤ የወንጀል ሕግ ወደ ኋላ እንደማይሠራ የሚደነግገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 22 ያንን ይከለክላል። በተመሳሳይ ምክንያት በ1932 ዓ.ም. የጎጃም አርበኞች እርስ በርስ የነበራቸው ምስጢር፣ ከሚሽን 101 ሰነዶች በተለየ፣ በዘመናዊው ትርጉም የመንግሥት ምስጢር ሆኖ አያውቅም።

የደርግ ባለሥልጣናት ማስታወሻዎች ሌላ የሕግ ገጽ ይከፍታሉ። የሻምበል ፍቅረሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ» በ2006፣ የሌተና ኮሎኔል ፍሥሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ» በ2008 ዓ.ም. ወጡ። ሁለቱም በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 22 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ከስሷቸው፣ ተፈርዶባቸው፣ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ከእስር የተለቀቁ ናቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 23 በአንድ ጥፋት የመጨረሻ ፍርድ የተሰጠበት ሰው ለዚያው ጥፋት ድጋሚ እንዳይከሰስ ይከለክላል። ስለዚህ የተፈረደበት ሰው ብዕሩን ሲያነሣ፣ ቢያንስ በተፈረደበት ጉዳይ፣ ካልተፈረደበት ጓዱ ይልቅ ነጻ ነው። ያልተከሰሰው የበታች መኮንን ተመሳሳይ ምዕራፍ ቢጽፍ፣ መጽሐፉ የእምነት ቃል ሊሆንበት ይችላል። አንቀጽ 20(3) የተከሰሰ ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር እንዳይገደድ ይጠብቀዋል፤ በገዛ ፈቃዱ አሳትሞ ለገበያ ካቀረበው ምስክርነት ግን አይጠብቀውም። ግዳጁ ከፍርድ ውጭ መግደልን ወይም ሰው መሰወርን የሚጨምር ከሆነ ደግሞ በአንቀጽ 28 መሠረት ይርጋ የለም። በጠባቡ «ምስጢር አወጣህ» የሚለው ክስ ለብዙ የቀድሞ ወታደሮች ትንሹ አደጋ ነው፤ ትልቁ አደጋ «ይህን አድርገሃል» የሚለው ነው። «ሆድ ይፍጀው» ብለው ዝም የሚሉ ሰዎች ዝምታ ከፍርሃት ብቻ ሳይሆን ከዚህ ስሌትም ሊመጣ ይችላል።

ከእስር ወደ ኪስ

በሌሎች አገሮች የክርክሩ ማዕከል ከወንጀል ወደ ውልና ገንዘብ ተሸጋግሯል። በአሜሪካ የስለላ ድርጅቱ ባልደረባ የነበረው ፍራንክ ስኔፕ ስለ ሳይጎን መውደቅ የጻፈውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1977 ያለ ቅድመ ፈቃድ አሳተመ። በመጽሐፉ ምስጢር ወጥቷል የሚል ክስ አልቀረበበትም፤ ሆኖም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1980 ለምርመራ አቀርባለሁ ያለውን ውል በማፍረሱ የመጽሐፉን ገቢ ለመንግሥት እንዲያስረክብ ወሰነ። ኦሳማ ቢን ላደን የተገደለበትን ግዳጅ እ.ኤ.አ. በ2012 በብዕር ስም ያሳተመው የባሕር ኃይል ኮማንዶ ማት ቢሶኔትም ከአራት ዓመት በኋላ ከስድስት ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመመለስ ተስማምቷል።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ይበልጥ አስተማሪ የሚሆነው ግን የእንግሊዙ ጉዳይ ነው። ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ የልዩ አየር ወለድ ኃይሉ አባላት መጻሕፍት ሲበዙ፣ የመከላከያ ሚኒስቴሩ እ.ኤ.አ. በ1996 አባላቱ ያለ ፈቃድ ምንም እንዳያሳትሙ የሚያስገድድ ውል አስፈረመ። ያልፈረመ ከልዩ ኃይሉ ወጥቶ ወደ መደበኛ ክፍሉ ይመለሳል። ስሙ ያልተገለጸ አንድ የኒውዚላንድ ተወላጅ ፈረመ፣ ብዙም ሳይቆይ ሠራዊቱን ለቀቀ፣ ወደ አገሩም ተመልሶ መጽሐፍ ጻፈ። ጉዳዩ እስከ ለንደኑ ፕራይቪ ካውንስል ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2003 ተወሰነ። ውሉ በማስገደድ የተገኘ አይደለም ተባለ፤ ሎርድ ስኮት ብቻ በሐሳብ ተለዩ። የሚደንቀው ውጤቱ ነው፦ መጽሐፉ እንዳይወጣ የሚያግድ ትእዛዝ አልተሰጠም፤ መንግሥት የተፈቀደለት ትርፉንና ካሳውን መጠየቅ ነው።

ተመሳሳይ ውል በኢትዮጵያ ቢፈረም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ምን ይላል? ውል በተዋዋዮች መካከል እንደ ሕግ ይጸናል (አንቀጽ 1731)። ወታደሩ ተገድጄ ፈረምሁ ቢል አንቀጽ 1706ን ይጠቅሳል፤ ሚኒስቴሩ ደግሞ ወታደርን ከክፍል ክፍል ማዛወር መብቴ ነው ብሎ ይመልሳል። በዚህ ጊዜ ወሳኙ አንቀጽ 1709 ይሆናል፤ በመብት እጠቀማለሁ ብሎ ማስፈራራት ውልን የሚያፈርሰው ከመጠን ያለፈ ጥቅም ለማግኘት ሲውል ነው። የዕድሜ ልክ ዝምታ ከመጠን ያለፈ ጥቅም ነውን? ጊዜውና ርእሰ ጉዳዩ ሳይገደብ ሕይወቱን ሁሉ ዝም እንዲል የተደረገ ሰው ጉዳይ ለዚህ አንቀጽ በእጅጉ የቀረበ ነው። ውል በሌለበት መንግሥት ያለ አግባብ መበልጸግን (አንቀጽ 2162) ሊጠቅስ ይችላል፤ ነገር ግን አንቀጹ በሌላው ሥራ ወይም ንብረት መጠቀምን ስለሚሻ፣ ወታደሩ በገዛ እግሩ የተጓዘበትን መንገድ በገዛ እጁ መጻፉ የመንግሥትን ንብረት መጠቀም ነው ለማለት ያስቸግራል።

ምስጢር ሁሉ እኩል አያረጅም

የሚሽን 101ን ታሪክ እንደ መፈተኛ ብንወስድ፣ በአንድ ግዳጅ ውስጥ ያሉት ምስጢሮች እኩል ዕድሜ እንደሌላቸው እንረዳለን። መንገዱ በቶሎ አረጀ። የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ከኦሜድላ ወደ ቡሬ ሲዘልቅ በየቦታው የወደቁት ግመሎች መንገዱን ለማንም ያሳዩ ነበር፤ አለን በ1943 (እ.ኤ.አ.) ቢጽፈው የሚጎዳ ሰው አልነበረም። የመገናኛ ኮዱ፣ የመሣሪያው መጠን፣ የገንዘቡ ምንጭ ጦርነቱ እስኪያልቅ ቆዩ፤ ከዚያ በኋላ ለታሪክ ጸሐፊ እንጂ ለጠላት አልጠቀሙም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1967 የሰነድ መዝጊያውን ዘመን ከሃምሳ ወደ ሠላሳ ዓመት ያወረደችው፣ የዓለም ጦርነቱንም ሰነዶች እ.ኤ.አ. በ1972 የከፈተችው ለዚህ ዓይነቱ ምስጢር ነው።

ስሞች ግን እንደዚህ አያረጁም። በ1932 ዓ.ም. በጎጃም የነበረው ሰልፍ ቀጥ ያለ መስመር አልነበረውም። በጣሊያን ደመወዝ እያደረ ለአርበኛ ጥይት የሚያቀብል፣ ቀን ከባንዳ ጋር ውሎ ማታ መልእክት የሚያደርስ ሰው ነበር፤ የተገላቢጦሹም ነበር። የእነዚያ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም በዚያው ደብር፣ በዚያው ገበያ፣ በዚያው ዕድር አብረው ይኖራሉ። አንድ ስም በመጽሐፍ ላይ ሲወጣ የጦርነት ምስጢር አይገለጥም፤ የጎረቤት ቂም ግን ሊቀሰቀስ ይችላል። አሁን ያለው ሕግ የሚጠይቀው «ምስጢር ነው ተብሎ ተወስኗል ወይ?» ብሎ ነው፤ ጉዳቱ የሚለካው ግን «ለማን አደገኛ ነው?» በሚለው ነው። የእንግሊዝ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሻሻል ለወታደሮችና ለቀድሞ ወታደሮች በመከላከያ ጉዳይ ጎጂነትን የወንጀሉ አንድ ፍሬ ነገር ማድረጉ፣ ለስለላ ሠራተኞች ግን የዕድሜ ልክ ዝምታን መጫኑ፣ ይህንን ልዩነት በከፊል የተቀበለ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የጌቶች ምክር ቤት በፒተር ራይት «ስፓይካቸር» ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ በዓለም ሁሉ የተሰራጨን ነገር ምስጢር ነው ብሎ ማገድ ትርጉም እንደሌለው ተቀብሎ ነበር።

ጸሐፊው የሚያንኳኳው ደጃፍ

የቀድሞ ወታደር ከማሳተሙ በፊት ረቂቁን ለመከላከያ ሚኒስቴር አቅርቦ ፈቃድ ይቀበል ማለት ቀላል ይመስላል። አሜሪካና እንግሊዝ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በኢትዮጵያ ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29(3) ቅድመ ምርመራን በማናቸውም መልኩ ይከለክላል። በሕግ የሚጫን አስገዳጅ ፈቃድ በ1985 ዓ.ም. የተዘጋውን በር መልሶ መክፈት ይሆናል፤ ይህን መንገድ መምከርም ተገቢ አይደለም። ሳንሱር ሲቀር ጸሐፊው ነጻነትን አገኘ፤ ከነጻነቱ ጋር ደግሞ ቀደም ሲል መርማሪው የሚሸከመውን አደጋ ሁሉ ብቻውን ተሸከመ።

በሥራ ላይ ካሉት ሕጎች ውስጥ ግን እስካሁን ለዚህ ዓላማ ብዙ ያልታሰበበት አንድ መሣሪያ አለ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመገናኛ ብዙኃኑ ክፍል በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 ቢተካም፣ መረጃ የማግኘት መብትን የሚመለከተው ክፍል ጸንቷል። በዚህ ክፍል መሠረት ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ መጠየቅ ይችላል፤ የመከላከያና የደኅንነት መረጃ ከሚከለከሉት አንዱ ነው፤ ሆኖም የሕዝብ ጥቅም ሲያመዝን ክልከላው ሊነሣ ይችላል። የተከለከለ ሰው ወደ አካሉ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ በመጨረሻም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የቀድሞ ወታደር ረቂቁን ለማንም ሳያሳይ፣ የተሳተፈበትን ግዳጅ ሰነድ ብቻ በዚህ አዋጅ ቢጠይቅ፣ ከሁለት መልስ አንዱን ያገኛል። ሰነዱ ከተሰጠው ምስጢሩ አብቅቷል። ከተከለከለ ደግሞ ምስጢር መሆኑን የወሰነው ማን እንደ ሆነና በምን ምክንያት እንደ ሆነ በጽሑፍ ይነገረዋል፤ ውሳኔውን በእንባ ጠባቂና በፍርድ ቤት ማስመርመር ይችላል። ሳንሱር አይደለም፤ ጠያቂው ጸሐፊው ራሱ ነው። መልስ ሳይሰጠው ቢቀር እንኳ በኋላ ክስ ቢመጣበት በቅን ልቦና ለማጣራት መሞከሩን የሚያሳይ ወረቀት በእጁ ይኖራል። ይህ መንገድ እንከን የለሽ አይደለም፤ ጥያቄው ራሱ ትኩረት ሊስብበት ይችላል፤ በአስቸኳይ ጊዜ ውስጥ የሚጠይቅ ሰውም የሚጠይቀውን በጥንቃቄ መምረጥ አለበት።

ከዚህ ውጭ የሚቀረው ጥንታዊው መንገድ፣ የእጅ ጽሑፍን ለቤተሰብ ወይም ለተቋም አደራ መተው ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት ደብረ ማርቆስ ተቀምጠው ጎጃምን ያስተዳደሩት፣ በጦርነቱም ጦር የመሩት ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በ1972 ዓ.ም. አረፉ፤ «ካየሁት ከማስታውሰው» የተሰኘው ማስታወሻቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው በ2002 ዓ.ም. ነው። የወንጀል ክስ በሞት ይቋረጣል፤ የሞተ ደራሲ አይከሰስም። ተመራማሪ ደግሞ እርሱን ጠይቆ የትኛው ስም በምን ምክንያት እንደ ተዘለለ፣ የትኛው ቀን እንደ ተሳሳተ ሊያጣራ አይችልም።